ጥድና ጭቃ፦ የአዲስ አበባ ነባር የእንጨት ቤቶች አሠራር፣ ጉዳትና እድሳት

አዲስ አበባ የብሎኬትና የሲሚንቶ ከተማ ከመሆኗ በፊት የእንጨትና የጭቃ ከተማ ነበረች። ከዐድዋ ድል ማግሥት አንሥቶ እስከ 1928ቱ የጣሊያን ወረራ ድረስ መኳንንቱ፣ የቤተ መንግሥት ሹማምንትና ከውጭ የመጡ ነጋዴዎች በየኮረብታው ያሠሯቸው ባለ ፎቅ ቤቶች ሰፊ በረንዳቸውና የተሸለመ የጣሪያ ክፈፋቸው ከሩቅ ይታያል፤ አቋማቸውን የሚሸከመው አካል ግን ከልስኑ በስተጀርባ ተሸፍኖ ስለሚኖር፣ ብዙ ተመልካች ግድግዳቸውን የድንጋይ ወይም የጡብ አድርጎ ይገምታል። የእንጨት አፅም ያለው ቤት ሲባል የጣሪያውንና የፎቁን ክብደት ወደ መሠረቱ የሚያወርዱት ቋሚና አግዳሚ እንጨቶች ተያይዘው የሠሩት ማዕቀፍ የሆነ፣ በእንጨቶቹ መካከል ያለው ጭቃ ደግሞ ክፍተቱን የሚዘጋና እንጨቱን ከነፋስና ከእሳት የሚከላከል ሙሊት ብቻ የሆነ ሕንፃ ማለት ነው። የእነዚህ ቤቶች ዕድሜ ከተሠሩበት ዕቃ ጽናት ይልቅ በየክረምቱ ማግሥት ከሚደረግላቸው ጥገና ጋር የተሳሰረ ነው። ስለዚህ የአወዳደቃቸውን ምክንያት የሚፈልግ ሰው ከጭቃው ድክመት አስቀድሞ የጥገናው ኃላፊነት ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈ መመርመር ይኖርበታል።

እንጨት በኢትዮጵያ የሕንፃ ጥበብ ውስጥ ከአዲስ አበባ እጅግ የቀደመ ታሪክ አለው፤ የአጠቃቀሙ መንገድ ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። በአክሱም ዘመን ሥርዐት በተሠሩት ሕንፃዎች፣ ከእነርሱም መካከል እስከ ዛሬ ቆመው በሚታዩት በደብረ ዳሞና በይምርሐነ ክርስቶስ አብያተ ክርስቲያናት፣ እንጨቱ በድንጋይ ግድግዳ ውስጥ በአግድም እየተነጠፈ ግንቡን እንደ ማሰሪያ ያጠብቀው ነበር፤ ግድግዳውን ዘልቀው ከውጭ ጫፋቸው የሚታየው አጫጭር ግንዶችም የዝንጀሮ ራስ የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። በዚህ አሠራር ዋናው ተሸካሚ ድንጋዩ ሲሆን እንጨቱ ረዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 እንግሊዛዊው አርክቴክት ዴሪክ ማቲውስ የደብረ ዳሞን ቤተ ክርስቲያን ሲያድስ የበሰበሱትን ጋድሞች በአዲስ መተካት ዋነኛ ሥራው ነበርና፣ ያ እድሳት በአገሪቱ ውስጥ በጽሑፍ ከተመዘገቡት ቀደምት የእንጨት ጥገናዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። በደጋው ገበሬ ዘንድ የተለመደው ክብ ጎጆ ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው፤ በክብ የተተከሉ እንጨቶች፣ በማገር የታሰሩ፣ በጭቃ የተመረጉና በሣር የተከደኑ ናቸው። የአዲስ አበባ የመኳንንት ቤት የወጣው ከሁለተኛው ዘር ነው፤ የጎጆው የግድግዳ አሠራር አራት ማዕዘን ሆኖ፣ ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ተቀምጦ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ክዳንና በረንዳ ተጨምሮለት ያደገ ቤት ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ግርጌ በፍልውሃ አካባቢ ስትቆረቆር ለረጅም ጊዜ ትቆያለች የሚል ግምት አልነበረም፤ ከዚያ በፊት የነበሩት የዳግማዊ ምኒልክ መናገሻዎች ሁሉ በውኃ፣ በማገዶ ወይም በጸጥታ ምክንያት የተተዉ ነበሩ። አሰፋፈሩም የጦር ሰፈርን ሥርዐት የተከተለ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱ በመሐል ኮረብታ ላይ፣ የየመኳንንቱ ሰፈር ደግሞ በዙሪያው ባሉት ኮረብታዎች ላይ ሆኖ፣ በመካከል ያሉት ሸለቆዎችና ወንዞች ባዶ ቀሩ። የከተማይቱ ሰፈሮች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በመኳንንቱ ስም ሲጠሩ የኖሩት ከዚህ የተነሣ ነው። የመጀመሪያዎቹ መኖሪያዎች ድንኳኖችና የሣር ጎጆዎች ነበሩ፤ ቋሚ ቤት ለመሥራት የሚያነሣሣው መተማመን የመጣው በ1888 ዓ.ም. ከተገኘው የዐድዋ ድል በኋላ፣ የውጭ መንግሥታት ወኪሎቻቸውን በከተማይቱ ባቋቋሙ ጊዜ ነው። በ1900 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ደንብም ባለይዞታው ርስቱን በሰነድ እንዲያረጋግጥ ስላስቻለው፣ ሰው ለልጁ የሚያወርሰውን ቤት በድፍረት መሥራት ጀመረ።

ይህ ደንብ ከመውጣቱ በፊት ግን ከተማይቱ በእንጨት እጦት ምክንያት ልትፈርስ ተቃርባ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሠራዊትና የቤተ መንግሥት ሰው የሚያነደው ማገዶና ለቤት የሚቆረጠው እንጨት የእንጦጦን የጥድ ደን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጨረሰው፤ ለትልልቅ ሕንፃዎች የሚሆነው ግንድ ከከተማይቱ በስተምዕራብ ካለው ከመናገሻ ደን በሰው ትከሻ እየተጎተተ ይመጣ ጀመር። ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ ደን ወዳልራቀበት ወደ አዲስ ዓለም ዋና ከተማቸውን ለማዛወር ወስነው ሥራ አስጀመሩ። ውሳኔው ሳይፈጸም የቀረው በአንድ በኩል በአዲስ አበባ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሱት መኳንንትና የውጭ አገር ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ለመሄድ ስላልፈቀዱ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ በሚያስገርም ፍጥነት እያደገ የማገዶውን ችግር ስላቃለለ ነው፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ወደ ማርያም ቤተ ክርስቲያንነት ተለወጠ። ባሕር ዛፍ ከተማይቱን በማዳኑ ምስጋና ይገባዋል፤ ለቤት ሠሪው የሰጠው እንጨት ግን ጥድን አይተካም። ይህ ልዩነት ከመቶ ዓመት በኋላ በእያንዳንዱ እድሳት ላይ የሚነሣ ጉዳይ ስለሆነ ጠለቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

የሐበሻ ጥድ መሐሉ ቀላ ያለ፣ ሽታው የሚያውድ፣ ቅባታማ እንጨት ነው፤ ይህ ቅባት ምስጥንና ብስባሴን ስለሚከላከል፣ መሬት ውስጥ የተተከለ የጥድ ቋሚ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ወይራ ከዚህም የጠነከረ ቢሆንም ጠማማና አጭር ስለሚሆን ለደፍና ለችካል እንጂ ለረጅም ጋድም አይመችም። ዝግባ በተቃራኒው ቀጥ ያለና ለመጋዝ የሚገዛ እንጨት በመሆኑ ለወለል ጣውላ፣ ለበርና ለመስኮት ሳንቃ ተመራጭ ነበር፤ እርጥበት ካገኘው ግን ፈጥኖ ይጠቃል። ባሕር ዛፍ በአጣናነት፣ ማለትም ሳይሰነጠቅ በክቡ ሲሠራበት፣ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል፣ ምስጥም ይወደዋል። ስለዚህ በ1890ዎቹ በተሠሩት ቤቶችና ከ1910ዎቹ ወዲህ በተሠሩት መካከል ያለው የጽናት ልዩነት አንዳንዴ ከባለቤቱ ሀብት የበለጠ ከእንጨቱ ዓይነት የመጣ ነው።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል ከመሠረቱ ይጀምራል። በተዳፋት ላይ የሚሠራ ቤት የታችኛው ክፍሉ በጭቃ ወይም በኖራ በተያያዘ ድንጋይ ይገነባና መሬቱን ያስተካክላል፤ ይህ የድንጋይ ክፍል በቁልቁለቱ በኩል ከፍ ብሎ የዕቃ ቤት ወይም የአሽከር ማደሪያ ሲሆን፣ በሽቅቡ በኩል ግን ከጉልበት አይበልጥም። በዚህ ላይ ጠርብ የሆነ፣ ማለትም አራቱም ጎኑ በመጥረቢያ የተስተካከለ ጋድም ይዘረጋል፤ ቋሚዎቹም በጋድሙ ላይ በመሮ በተቆፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ምላሳቸው እየገባ ይቆማሉ። ወጪ ለመቆጠብ በተሠሩት ቤቶች ጋድሙ ይቀርና ቋሚዎቹ በቀጥታ በቦይ ውስጥ ይተከላሉ፤ በኋላ ዘመን የቤቱን ዕጣ የሚወስነው ይህ ምርጫ ነው፤ በአየር ላይ ያለ እግር ሲደርቅ፣ በአፈር የተቀበረ እግር ከዓመት ዓመት እርጥበት ይጠጣልና። በዋና ዋናዎቹ ቋሚዎች መካከል ቀጠን ያሉ እንጨቶች ተቀራርበው ይተከላሉ፤ ማገር የሚባሉት የተፈለጡ አግዳሚዎች ከውስጥና ከውጭ በኩል እየተጋደሙ ቀድሞ በልጥና በጠፍር፣ ምስማር ከረከሰ በኋላ ደግሞ በምስማር ይያያዛሉ። በሁለቱ የማገር ረድፎች መካከል የሚፈጠረው ክፍተት ጭቃውን የሚይዘው ኪስ ነው።

ጭቃው ራሱን የቻለ ሙያ የሚጠይቅ ነው። ቀይ ወይም ቡናማ አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር ይቦካል፤ ለቀናት ተሸፍኖ ጭዱ እስኪላላና ጭቃው ሙጫ መሰል እስኪሆን ድረስ እየተረገጠ ይቆያል። ጭዱ፣ ጭቃው በሚደርቅበት ጊዜ እንዳይሰነጠቅ የሚይዝ ክር ነው። የመጀመሪያው ሙሊት ከትንንሽ ድንጋይ ጋር በማገሮቹ መካከል ይጠቀጠቃል፤ እርሱ ደርቆ ከተሰነጣጠቀ በኋላ ሁለተኛው ምርጊት ስንጥቁን እየያዘ ይለጠፋል፤ በመጨረሻም እበትና የተነፋ አፈር የተቀላቀለበት ቀጭን ልስን ይቀባና በኖራ ይነጣል። ቸኩሎ ሦስቱን በአንድ ሳምንት የጨረሰ ሠሪ ልስኑ በመጀመሪያው ክረምት ይረግፍበታል። በዚህ መንገድ የተሠራ ግድግዳ ዝናብ ካልነካው ለስንት ዓመት እንደሚቆይ ለመናገር ያስቸግራል፤ ዝናብ ከነካው ግን ለስንት ወር እንደሚቆይ መናገር አያስቸግርም።

ስለዚህ የዚህ ቤት ቁልፍ ክፍል ጣሪያው ነው። የሣር ክዳን ጥሩ ሆኖ ሳለ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ የሚፈልግ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለእሳት የተጋለጠ ስለሆነ፣ ቆርቆሮ ወደ ከተማይቱ መግባት ሲጀምር አቅም ያለው ሁሉ ወደ እርሱ ዞረ። የባቡር ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. በመሆኑ፣ በመጀመሪያዎቹ ሃያ ዓመታት ያለው ቆርቆሮ፣ ምስማርና መስታወት ሁሉ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ የመጣ ነው፤ ቆርቆሮ የለበሰ ጣሪያ ከክዳንነቱ ይልቅ የባለቤቱን ማዕረግ ማሳያ የነበረውም ለዚህ ነው። የቆርቆሮው መምጣት የቤቱን ቅርጽም ለውጦታል። የሣር ጣሪያ ዝናቡን እንዲያፈስ ተዳፋቱ የበዛና ባለ አንድ ጉልላት መሆን ሲኖርበት፣ ቆርቆሮ ግን በትንሽ ተዳፋት ስለሚያፈስ ጣሪያው ወደ ብዙ ክንፎች እንዲከፈል፣ ከግድግዳውም አልፎ በረንዳውን እንዲሸፍን አስቻለ። በረንዳው ለመቀመጫ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ከሁሉ አስቀድሞ የጭቃውን ግድግዳ ከክረምቱ ውሽንፍር የሚጋርድ ነው። የዚህን ግንኙነት ያልተረዳ አዳሽ በረንዳውን በብሎኬት ዘግቶ ክፍል ሲያደርገው፣ ወይም ክፈፉን ሲያሳጥር፣ ግድግዳውን ያለ ጃንጥላ ያስቀረዋል።

የውስጡ አሠራር ከውጩ ይልቅ ለስላሳ ነው። ወለሉ ከዝግባ ጣውላ ይሠራል፤ ኮርኒሱ ብዙ ጊዜ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ የተወጠረና በቀለም የተቀባ አቡጀዴ ሲሆን፣ በተሻሉት ቤቶች ደግሞ የተሰነጠቀ ሳንቃ በጂኦሜትሪያዊ ቅርጽ ተገጣጥሞ ይታያል። በረንዳውን የሚሸከሙት ምሰሶዎች፣ የደረጃው መደገፊያዎችና ከክፈፉ ሥር እንደ ዳንቴል ተቀድደው የተንጠለጠሉት ሳንቃዎች የአናጢውን እጅ ከሁሉ በላይ የሚያሳዩ ናቸው። የዚህ ሽልማት አመጣጥ በአንድ አገር አይወሰንም። ምኒልክን ካገለገሉት ሠሪዎች መካከል ሐጂ ቀዋስ የሚባለው ሕንዳዊ ስሙ ጎልቶ ይታወቃል፤ ከአርመኖችም ሚናስ ኸርበኪያን በከተማይቱ ሕንፃዎች ላይ ሰፊ አሻራ አሳርፏል፤ ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ደግሞ ከምክሩ ጋር የምሕንድስናውን ዕውቀት ለቤተ መንግሥቱ ሥራ አቅርቧል። ከሕንድ ውቅያኖስ ወደቦች የመጣው የበረንዳና የተጠረበ ሳንቃ ልማድ፣ ከካውካስስና ከአናቶልያ የመጣው ወጣ ያለ መስኮትና ባለ ብዙ ጎን ክፍል፣ ከአገሬው የመጣው የጭቃ ግድግዳ በአንድ ሕንፃ ላይ ተገናኙ። ከእነዚህ ሁሉ ጀርባ ግን መጥረቢያ፣ መሮና መላጊያ ይዞ የሠራው፣ ጭቃውን ያቦካው፣ ግንዱን ከመናገሻ የጎተተው አገሬው ሠራተኛ ስሙ በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረም። የእጅ ሥራ ያዋርድ በነበረበት ኅብረተሰብ ውስጥ ይህ አያስደንቅም፤ ምኒልክ ራሳቸው በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ለማውጣት የተገደዱት ነቀፋው ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ስላወቁ ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች የውጭ ሠሪዎችን ስም እየዘረዘሩ የአገሩን አናጢ በጅምላ ማለፋቸው ግን የዚያው ነቀፋ ቅሪት መስሎ ይታያል።

ቤቱ ለብቻው የቆመ አልነበረም። የአንድ መኰንን ግቢ ባለቤቱ የሚኖርበትን እልፍኝ፣ እንግዳና ባለጉዳይ የሚቀበልበትን አዳራሽ፣ ወጥ ቤቱን፣ እንጀራ ቤቱን፣ ጠጅ ቤቱን፣ ጎተራውንና ጋጣውን በአጥር ውስጥ የያዘ ነበር። የዚህ ሥርዐት ትልቁ ምሳሌ ቤተ መንግሥቱ ራሱ ሲሆን፣ ጣሪያው በሦስት ተራ የተከፈለው የግብር አዳራሽ በአንድ ጊዜ በሺህ የሚቆጠር ሰው የሚመገብበት ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. የአንድነት ፓርክ ሲከፈት ታድሰው ለሕዝብ ከታዩት ሕንፃዎች መካከል ይገኛል። በመኳንንቱ ቤቶች ፎቁ የክብር ስፍራ ነው፤ ባለቤቱ ከላይ በረንዳ ሆኖ በግቢው የሚሰበሰበውን ሰው ይመለከታል፣ እርሱም ይታያል። ደረጃው ብዙ ጊዜ ከውጭ መሆኑም፣ ወደ ላይ የሚወጣውና ከታች የሚቀረው ሰው በግልጽ እንዲለይ ያደርግ ነበር።

ከዚህ ዘመን ቤቶች አንዳንዶቹ የታወቀ ታሪክ አላቸው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ በእቴጌ ጣይቱ የተከፈተው የእቴጌ ሆቴል፣ ኋላም ጣይቱ ሆቴል የተባለው፣ በፒያሳ የዚህን አሠራር ጠባይ በግልጽ የሚያሳይ ነበር፤ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በተነሣው ቃጠሎ ከባድ ጉዳት ሲደርስበት፣ በውስጡ የነበረው የጃዝ አምባ አዳራሽም ወደመ። በደረቀ ጣውላ፣ በጨርቅ ኮርኒስና በአሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦ የተሞላ ቤት እሳት ከያዘው በሰዓታት ውስጥ እንደሚያልቅ ይህ አደጋ አሳይቷል። የቤኒሻንጉሉ ሹም የሼኅ ኾጀሌ አል ሐሰን መኖሪያ ደግሞ ሾጎሌ ለሚባለው ሰፈር ስም ሆኖ ቀርቷል። ከመስቀል አደባባይ በላይ ባለው ጉብታ ላይ የቆመው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ዕጣ የተሻለ ነበር፤ ከተማይቱ የመቶ ዓመት በዓሏን ስታከብር የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ ተከፍቷልና፣ በረንዳውንና ክፍሎቹን መጐብኘት የሚፈልግ ሰው ውስጡን ማየት ይችላል። ከአዲስ አበባ ውጭም ሐረር ውስጥ የራምቦ ቤት የሚባለው፣ በተጠረበ እንጨትና በቀለም ባሸበረቀ መስታወት ያጌጠው የሕንዳዊ ነጋዴ ቤት የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ባለቅኔው አርቱር ራምቦ በ1884 ዓ.ም. የሞተ በመሆኑና ቤቱ ከእርሱ በኋላ የተሠራ ስለሆነ፣ ስሙ ከታሪክ ይልቅ ለቱሪስት የቀረበ ነው፤ ይሁንና ያ የተሳሳተ ስም ቤቱን ከመፍረስ ያዳነው ሳይሆን አይቀርም።

ከ1928 ዓ.ም. በኋላ የመጣው ለውጥ ከዕቃው ይጀምራል። በወረራው ዘመን በድሬዳዋ የተቋቋመው ፋብሪካ ሲሚንቶን በአገር ውስጥ ማምረት አስቻለ፤ ከዚያ በኋላ የዘመናዊነት መለኪያ ግንብና ብሎኬት ሆነ፣ ጭቃ ቤት ደግሞ የድኻ ቤት መጠሪያ እየሆነ ሄደ። የመኳንንቱ ልጆች አዲስ ቪላ ሲሠሩ አሮጌውን ቤት ለመሥሪያ ቤት፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለኪራይ ሰጡት። ይህ ራሱ የጥፋት ምክንያት አልነበረም፤ ባለቤት እስካለ ድረስ ጣሪያው ይታያል፣ አሸንዳው ይጸዳል። ቁርጡ የመጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣ ጊዜ ነው። አዋጁ ከኪራይ ዋጋቸው አንጻር ዝቅተኛ የሆኑትን ቤቶች ለቀበሌዎች፣ ከፍ ያሉትን ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር አከፋፈለ፤ ኪራዩንም ቀነሰ። ለብዙ ቤት ለሌለው ነዋሪ ይህ እውነተኛ እፎይታ እንደነበረ አይካድም፤ ነገር ግን የተወሰነው ኪራይ ለአሥርተ ዓመታት ሳይለወጥ በመቆየቱ ከአንድ ትልቅ ቤት የሚሰበሰበው ገንዘብ የዚያን ቤት ጣሪያ ለመቀየር የማይበቃ ሆነ።

የጉዳቱ አካሄድ በሁሉም ቤት ተመሳሳይ ነው። አንድ ቤተሰብ የነበረበት ፎቅ ለብዙ አባወራ ይከፋፈላል፤ አዳራሹ በኮምፖርሳቶ ይከፈላል፣ በረንዳው ማብሰያ ይሆናል፣ ጭሱ ኮርኒሱን ያጠቁራል፤ ከግድግዳው ሥር የውኃ ቧንቧና የመጸዳጃ ጉድጓድ ይገባል። ከቆርቆሮው አንዱ ይዝጋል፤ በዚያች ቀዳዳ የገባው ውኃ በመጀመሪያ የሚያገኘው ወራጁ፣ ማለትም ክዳኑን የተሸከመው ተዳፋት እንጨት፣ በግድግዳው ራስ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ነው። እዚያ እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ጣሪያው በአንድ ጥግ ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ያለው ጥግ ደግሞ የጣሪያውን ውኃ ሁሉ ወደ ራሱ ይጠራል። በታች በኩል በግቢው ውስጥ በየጊዜው የሚደለደለው አፈር ከፍ ስለሚል፣ አንድ ጊዜ ከመሬት በላይ የነበረው ጋድም በአፈር ይቀበርና ምስጥ ይገባበታል። የመሐሉ ግድግዳ ደህና ሆኖ ራሱና እግሩ የሞተ ቤት በአዲስ አበባ በብዛት የሚታይ ነው፤ በዚህ ምክንያት ለመፍረስ የቀረበ የሚመስል ቤት ልስኑ ሲገለጥ ከእንጨቱ አብዛኛው ጤነኛ ሆኖ ይገኛል።

የእድሳቱ ዋና ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር አዳሹ በግምት እንዳይሠራ፣ የተጨመረውም ከነባሩ ተለይቶ እንዲታወቅ ያዘዘው በዋነኛነት የድንጋይ ሐውልቶችን በማሰብ ነበር። በየጊዜው እንጨቱ እየተለወጠ የሚኖር ሕንፃ በዚህ ሚዛን ሲመዘን ነባርነቱ እያነሰ የሚሄድ ይመስላል፤ ጃፓኖች የእንጨት ቤተ መቅደሶቻቸውን እየፈቱ የሚያድሱበት ልማድ ዓለም አቀፍ ክርክር ካስነሣ በኋላ ነው እ.ኤ.አ. በ1994 በናራ ከተማ የወጣው ሰነድ የአንድ ቅርስ እውነተኛነት በዕቃው ብቻ ሳይሆን በአሠራሩ፣ በአገልግሎቱና በባህሉም እንዲመዘን የፈቀደው። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ኢኮሞስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የቅርስ ባለሙያዎች ማኅበር ለነባር የእንጨት ሕንፃዎች የተለየ መመሪያ አወጣ፤ በተቻለ መጠን የተጎዳው ክፍል ብቻ እንዲተካ፣ የሚተካውም በዚያው የእንጨት ዓይነትና በዚያው የአገጣጠም ዘዴ እንዲሆን መከረ። በኢትዮጵያም በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ለቅርስ ጥናትና ጥበቃ ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷል። የአርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስና የዴኒስ ዤራር መጽሐፍ ከ1886 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ያለውን የከተማይቱን ሕንፃዎች በፎቶግራፍና በንድፍ መዝግቦ ስለያዘ፣ ዛሬ የሌሉትን ቤቶች የሚያጠና ሰው ከእርሱ ይጀምራል።

በተግባር ሥራው ከልኬት ይነሣል፤ እያንዳንዱ ቋሚና ጋድም ቁጥር ተሰጥቶት፣ የተጎዳበት ቦታ በንድፍ ላይ ተመልክቶ፣ ቤቱ በድጋፍ እንጨት ከተያዘ በኋላ ነው የሚነካው። የበሰበሰው የቋሚ እግር ጤነኛው እንጨት እስከሚጀምርበት ድረስ ይቆረጥና በእርሱ ምትክ አዲስ እግር በቅጥያ ይገጠማል፤ ቅጥያ የሚባለው ሁለቱ እንጨቶች በሰያፍ ተቆርጠው ፊት ለፊት የሚሳሳሙበትና በእንጨት ችካል ወይም በብሎን የሚታሰሩበት መገጣጠሚያ ነው። ከእግሩ ሥር የድንጋዩ መሠረት ከፍ ይደረጋል፤ በዙሪያው የተከመረው አፈር ተጠርጎ ለዝናብ ውኃ መውረጃ ቦይ ይቆፈርለታል። ይህ ሥራ ዓይን የማይስብ፣ ተመርቆ ሪባን የማይቆረጥለት ቢሆንም ለቤቱ ዕድሜ ከአዲስ ቀለም እጅግ ይበልጣል።

በጣም የተለመደው ስሕተት የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰን ነው። ጭቃ እርጥበትን የሚስብና የሚያወጣ ሲሆን፣ ሲሚንቶ ግን ከውጭ ገትሮ ይዘጋዋል፤ በስንጥቅ የገባው ውኃ መውጫ ያጣና በእንጨቱ ዙሪያ ይጠራቀማል። እንጨትና ጭቃ በየወቅቱ በጥቂቱ ሲሰፉና ሲጠቡ ሲሚንቶው አብሮ ስለማይንቀሳቀስ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ሌላ ውኃ ያስገባል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ልስኑ በቁራጭ ሲወድቅ ከበስተጀርባው እንጨቱ ዱቄት ሆኖ ይገኛል፤ ተመልካቹም ጥፋቱን በጭቃው ላይ ያሳብባል። ለዚህ ተስማሚው በኖራ ወይም በዚያው በቦካ ጭቃ የሚሠራ ልስን ነው፤ ችግሩ ይህን በትዕግሥት የሚሠራ ምርጊተኛ እያነሰ መሄዱና የግንባታ ውል በዓመት ውስጥ መጠናቀቅን ሲጠይቅ ጭቃ ግን የማድረቂያ ጊዜውን አለመለወጡ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው በተካሄደው የኮሪደር ልማት ሰፊ ነባር ሰፈር ሲፈርስ የቅርስነት ምልክት ያላቸው አንዳንድ ሕንፃዎች እንዲቆሙ ተደርጓል፤ ቤቱ ግን ከነግቢው፣ ከነወጥ ቤቱና ከነጎረቤቱ የቆመ ማኅበራዊ አካል በመሆኑ፣ ባዶ ሣር ላይ ብቻውን የቀረ ቤት ስለ አሠራሩ የሚያስተምር ቢሆንም ስለ ኑሮው ብዙም አይናገርም። ከፈረሱት ቤቶች የወጣው እንጨት ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ያላነሰ ትኩረት ይገባዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ጥድን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና ዋንዛን ከተፈጥሮ ደን መቁረጥን ከከለከለ ወዲህ፣ ለእድሳት የሚሆን የበሰለና ረጅም የጥድ ግንድ በገበያ ማግኘት አዳጋች ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ የደረቀ፣ ከእንግዲህ የማይጠማዘዝ ጥድ የሚገኘው በአሮጌዎቹ ቤቶች ውስጥ ነው። አንድ ቤት በማይቀር ምክንያት ሲፈርስ ጋድሞቹና ቋሚዎቹ ተለክተው በመጋዘን ቢቀመጡ ለቆሙት ቤቶች እግርና ራስ መተኪያ ይሆናሉ፤ በአሁኑ ልማድ ግን የፍርስራሽ እንጨት የሚሸጠው ብዙ ጊዜ በማገዶ ዋጋ ነው።